የ1803ቱ ትልቅ ሴንት፦ ሻጩ 20 ያለው፣ ሰብሳቢው 10 ያለው

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ ቤተሰብ የሟች አባቱን ዕቃ ሲሸጥ የ1803 የአሜሪካ ትልቅ የመዳብ ሴንት ገዛሁ። ሻጩ «ቬሪ ፋይን 20» (በጣም ጥሩ፣ ከ70 ደረጃ 20ኛው) ብሎ ነው የሸጠልኝ። በኋላ ለአንድ የመዳብ ሰብሳቢ ባሳየው «10 ነው፣ ቢበዛ 12» አለኝ። በዲጂታል ሚዛን 10.4 ግራም ይመዝናል። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ከሴቲቱ ፀጉር ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ሻካራ ነው፤ ከፈፉ አንድ ቦታ ላይ ተሰርጉዷል፤ በኋላ ገጹ በቅጠሎቹ መካከል ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች አሉ። ማንን ልመን? በሎሚና በጨው ላጽዳው? ደረጃ አውጥቶ ለሚያሽግ ድርጅት ልላከው?

ምላሽ፦

ከሎሚው ልጀምር። ሌሎቹ ሁለት ጥያቄዎች ዓመት ቢቆዩ ሳንቲሙ ምንም አይሆንም፤ ሎሚው ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። አያጥቡት። በኮምጣጤም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በቤኪንግ ሶዳም፣ በአመድም አይሹት። የናስ ትሪ በሎሚ ታሽቶ ሲያበራ ያምራል፤ ትሪው የሚፈለገው ለማብራቱ ነውና። የድሮ መዳብ ሳንቲም ግን ዋጋው ያለው ቡናማው ላይ ነው። ያ ቡናማ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። መዳቡ ከአየር ጋር ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ያበጀው ስስ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ብረት የሚጠብቀውም እሱ ነው። አሲድ ይህን ቆዳ ያሟሟዋል። ከሥሩ የሚወጣው ጥሬና ሮዝ መሳይ መዳብ ነው፤ እሱም ከሳምንታት በኋላ ወደ ደብዛዛ ብርቱካናማ ይለወጣል እንጂ ወደ ቀድሞው ቡናማ አይመለስም። ጨው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በውስጡ ያለው ክሎራይድ በመዳቡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር አረንጓዴ ዝገት እየሠራ መዳቡን ከውስጥ ይበላዋል። አሁን ያሉት ሁለት ነጥቦች ያኔ ሃያ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ሻጩም ሰብሳቢውም አልዋሹም። አንድ ደመወዝ ሁለት ቁጥር እንዳለው ሁሉ፣ ሻጩ የነገረዎት ያልተጣራውን ነው፤ ሰብሳቢው የነገረዎት ደግሞ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅ የሚገባውን ነው። የድሮ የአሜሪካ መዳብ ደረጃ በሁለት ጥያቄ ይወሰናል። የመጀመሪያው፦ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ምን ያህል ተፍቋል? ሁለተኛው፦ ከመፋቁ ሌላ ምን ደርሶበታል? የመጀመሪያው መልስ የቅርጽ ደረጃ ይባላል። ከእሱ ላይ የሁለተኛው ሲቀነስ የተጣራ ደረጃ ይገኛል። በብርና በወርቅ ሳንቲም ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ መዳብ ግን ለእርጥበት፣ ለላብና ለአፈር የሚሸነፍ ብረት ስለሆነ ልዩነቱ አንዳንዴ ግማሽ ለግማሽ ይደርሳል።

ይህን አቆጣጠር ለመረዳት ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ይረዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዊሊያም ሼልደን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁርና የመዳብ ሰብሳቢ በ1949 ከ1 እስከ 70 የሚሄድ መለኪያ አወጣ። መለኪያው ሲወጣ የውበት ነጥብ አልነበረም፤ የዋጋ ስሌት ነበር። አንድ ዓይነት ሳንቲም ምንነቱ ብቻ እስኪታወቅ ድረስ አልቆ 1 ዶላር ቢያወጣ፣ 20ኛው ደረጃ ላይ ያለው 20 ዶላር፣ ከሳንቲም ማተሚያ ቤት እንደወጣ የቆየው እንከን የለሹ 70 ዶላር ያወጣል የሚል ነበር። ገበያው ከዚያ ወዲህ በራሱ መንገድ ሄዷል፤ ስሌቱ ዛሬ አይሠራም። ቁጥሮቹ ግን ቀርተው ወደ ሌሎች የአሜሪካ ሳንቲሞች ሁሉ ተዛመቱ። የመዳብ ሰብሳቢዎች፣ በተለይ በ1967 የተመሠረተው «ኧርሊ አሜሪካን ኮፐርስ» የተባለው ማኅበር አባላት፣ የመጀመሪያውን መንፈስ እስካሁን ይዘውታል። የተጣራ ደረጃ ሲያወጡ በልባቸው የሚጠይቁት ይህን ነው፦ «ይህ እንከን ያለበት ሳንቲም፣ እንከን ከሌለበት ከየትኛው ጋር እኩል ዋጋ ያወጣል?»

እንግዲህ የእርስዎን እንመዝን። በ1803 ሴንት ላይ ያለችው ሴት ወደ ቀኝ ታያለች፤ ፀጉሯ ከኋላ በጥብጣብ ታስሮ ወደ ትከሻዋ ይወርዳል፤ ደረቷ ላይ የተጣጠፈ ልብስ አለ። ይህ ቅርጽ ከ1796 እስከ 1807 ድረስ የቆየ ነው። መጀመሪያ የሚፋቁት ከፍ ያሉት ቦታዎች ናቸው፦ ከግንባሯ በላይ ያለው ፀጉር፣ ጆሮዋ አካባቢ ያለው እሽክርክሪት፣ የትከሻዋ ጫፍ፤ በኋላ ገጹ ደግሞ የቅጠሎቹ አናትና የጥብጣቡ ቋጠሮ። ዝቅ ያሉት ቦታዎች፣ ማለትም ከጥብጣቡ በስተኋላ ያሉት የፀጉር መስመሮች፣ መጨረሻ ላይ ይጠፋሉ።

በግምት ሲታይ 4 ላይ ያለ ሳንቲም የሴቲቱ ዳር መስመር ብቻ ይታይበታል፤ ዓመቱ ይነበባል፣ ፀጉሩ ለሙጥ ብሏል። 8 ላይ ፊደሎቹ ሁሉ ይነበባሉ፤ በጥልቅ ቦታዎች ጥቂት የፀጉር መስመሮች ብቅ ይላሉ። 12 ላይ የፀጉሩ ዝርዝር ከሲሶ እስከ ግማሽ ይደርሳል። 20 ላይ ከግማሽ በልጦ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል፤ ከግንባሩ በላይ ያለው ግን ገና ጠፍጣፋ ነው፤ የልብሱ እጥፋት መለየት ይጀምራል። 40 ላይ የፀጉሩ መስመር ሁሉ ይለያል፣ ጫፍ ጫፉ ብቻ ለስልሷል። ከ50 እስከ 58 ባለው ውስጥ መፋቅ የሚታየው በጣም ከፍ ባሉት ነጥቦች ላይ እንደ ቀለም ለውጥ ብቻ ነው። ከ60 ጀምሮ ምንም መፋቅ የለም።

ይህን ሲያዩ መሣሪያ አይብዛብዎ። መጀመሪያ በዓይን ብቻ፣ ከክንድ ርዝመት ባነሰ ርቀት፣ በአንድ መብራት ሥር ሳንቲሙን እያጋደሉ ይመልከቱ። መብራቱ ከጎን የሚመጣና ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው ይሁን፤ በጣሪያ ላይ የተዘረጋ ነጭ የቢሮ መብራት ጭረትንም ሻካራነትንም ይደብቃል። ቀጥሎ 7 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይጠቀሙ። 10 ጊዜ የሚያጎላው ለዓመተ ምሕረቱና ለተጠረጠረ ቦታ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ማጉላት ማንኛውንም ሳንቲም በሽተኛ ያስመስላል። ሳንቲሙን በሁለት ጣት በጠርዙ ይያዙ፤ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ያንጥፉ፤ በላዩ ላይ አያውሩበት። የምራቅ ፍንጣቂ ዛሬ አይታይም፤ ከወራት በኋላ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ፦ ከመፋቅ የመጣ ጠፍጣፋነትና ሲመታ ያልሞላ ጠፍጣፋነት አንድ አይደሉም። የፊላደልፊያው ማተሚያ ቤት ሴንቶችን በእንፋሎት ማተም የጀመረው በ1836 ነው። የእርስዎ ሳንቲም በሰው ጉልበት በሚዞር የጠመዝማዛ ማተሚያ የተመታ ነው፤ ስለዚህ ምቱ አንዱ ጋ ይጠነክራል፣ ሌላው ጋ ይላላል። የተፋቀ ቦታ እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሶ ከአካባቢው ቀለም ጥቂት ይለያል። ያልሞላ ቦታ ግን ከመታተሙ በፊት የነበረውን የመዳቡን ሸካራ ቆዳ፣ አንዳንዴም የቀድሞ ጭረቱን እንደያዘ ይቀራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በፊት ገጹ ደካማ የሆነውን ቦታ ልብ ይበሉና ሳንቲሙን ከላይ ወደ ታች ይገልብጡት። በትክክል ከኋላው ያለው ቦታም ደካማ ከሆነና የቀረው ጥርት ያለ ከሆነ ጥፋቱ የምቱ ነው። ለምት ድክመት የሚቀነሰው ለመፋቅ ከሚቀነሰው ያነሰ ነው።

ከገለጹት ስነሳ የቅርጹ ደረጃ 20 መባሉ አግባብ አለው፤ ሻጩ ፀጉሩን አይቶ ተናግሯል። አሁን ቅነሳው ይመጣል፤ ሰብሳቢው ያየውም ይኼን ነው።

ከፀጉሯ ጀርባ ያለው ሻካራነት ዋነኛው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማተሚያ ቤቱ ጥሬውን መዳብ ከየቦታው እየሰበሰበ ራሱ ስለሚያዘጋጅ ብዙ ሴንቶች ገና ሲወለዱ ጀምሮ ስንጥቅና ቀዳዳ ነበረባቸው። ከ1797 ወዲህ ግን የማቲው ቦልተን ፋብሪካ ከእንግሊዟ በርሚንግሃም የተዘጋጀ ክብ መዳብ በበርሜል ይልክ ጀመር፤ ጥራቱም ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነበር። ስለዚህ በ1803 ሴንት ላይ የሚታይ ሻካራነት አብዛኛውን ጊዜ የልደት ሳይሆን የኑሮ ነው፤ አፈር ውስጥ ወይም እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ ቆይቷል። በዓይን ብቻ የማይታይ፣ በመነጽር ብቻ የሚታይ ሻካራነት ከ20 ወደ 15 ያወርዳል። ያለ መነጽር የሚታይ ከሆነ 12 ይሆናል። ጣት ሲነካው የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል። የእርስዎ ከሁለተኛው ይመስላል። ስርጉዱ ፊደል ካልነካ ብዙ አይጎዳም፤ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ያስወርዳል። አረንጓዴዎቹ በኋላ ገጽ ላይ ስለሆኑ ቅጣታቸው ቀለል ይላል፤ በፊቷ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ዋጋውን ይጥሉት ነበር። ይህ አንድ ወጥ ቀመር የለውም፤ ሁለት የበቁ ሰዎች በ2 ወይም በ3 ነጥብ መለያየታቸው የተለመደ ነው። ሁሉም ሲደመር 10 ወይም 12 የሚለው ሚዛናዊ ፍርድ ነው፤ ትክክለኛ አጻጻፉም «ቅርጹ 20፣ የተጣራው 10» ነው። ሁለቱንም ቁጥር የሚጽፍ ሻጭ ሐቀኛ ሻጭ ነው። ወደፊት ሲገዙ አንድ ቁጥር ብቻ ሲሰጡዎት «የቅርጹ ነው ወይስ የተጣራው?» ብለው ይጠይቁ።

መጥፎ ሆነው የማይታዩ መጥፎ ነገሮችም አሉ። አንዱ ቀለም መቀባት ነው። የታጠበን ሳንቲም በኬሚካል መልሰው ቡናማ የሚያደርጉ አሉ። የተፈጥሮ ቡናማ ከፍ ባለውና ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ጥላው ይለያያል፤ የተቀባው ግን ጥልቁም አናቱም አንድ ዓይነት ነው፤ አንዳንዴም ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ብርቱካን ያደላል። ሌላው ሻካራውን ሜዳ በመሣሪያ ማለስለስ ነው። ፊደሎቹ ሥር፣ መሣሪያው ሊገባ ያልቻለበት ቦታ ላይ፣ ሻካራነቱ እንደ ደሴት ተርፎ ይታያል። የፀጉር መስመርን በመርፌ እንደገና መቆፈርም አለ፤ የተቆፈረ መስመር ጠርዙ ስል፣ ወለሉ ደማቅ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተራ ሻካራነት ይልቅ ያስቀጣሉ፤ ቅጣቱም ይገባቸዋል፣ ሆን ተብሎ ገዢን ለማታለል የተሠሩ ናቸውና።

ስለ ቀለም ካነሣሁ አይቀር፦ ብርቱካናማ ሆኖ የሚያበራ የ1803 ሴንት ቢቀርብልዎ ታጥቧል ብለው ይነሡ። የመጀመሪያ ቀይ ቀለማቸውን እንደያዙ በብዛት የተረፉት ከ1816 እስከ 1820 ያሉት ናቸው፤ እነሱም ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በጆርጂያ በበርሜል ተገኝተው ራንዳል በሚባለው ስም የሚታወቀው ክምችት አካል ስለሆኑ ነው። በተለይ የ1818ና የ1820 ሴንቶች ጥቁር ነጠብጣብ ይዘው ቀይ ሆነው ቢያዩ አይደንግጡ።

አሁን ወደ አረንጓዴዎቹ ነጥቦች፤ እነሱ ብቻ ናቸው ቀጠሮ የማይሰጡት። አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ የቆየ ሳንቲም ላይ የሚገኘው ፈዘዝ ያለ፣ የሚያጣብቅ ቅባት መሳይ አረንጓዴ ፒቪሲ ከሚባለው ከዚያው ፕላስቲክ የሚወጣ ነው። ጠንካራ፣ ጠቆር ያለና ከፍ ብሎ የተለጠፈው የተለመደው የመዳብ ዝገት ነው። ሦስተኛው ነጣ ያለ፣ እንደ ዱቄት የሚረግፍና ጠርገውት የሚመለሰው ነው፤ ይህኛው በሕይወት ያለ በሽታ ነው፤ ከሌሎች ሳንቲሞች ለብቻው ያርቁት። ለመለየት የጽጌረዳ እሾህ ወስደው ጫፉን በመነጽር ሥር ቀስ ብለው ያስነኩት። ከተቀባ የመጀመሪያው ነው፣ ካልተነቃነቀ ሁለተኛው፣ ከበነነ ሦስተኛው። እሾህ የምለው ለቅኔ አይደለም፤ የመዳብ ሰብሳቢዎች ለረጅም ጊዜ የሚጠቀሙበት ከመዳቡ ስለሚለሰልስ ነው። መርፌና የብረት ጫፍ ግን ይጭረዋል።

ሥራው እንዲህ ነው። ንጹሕ አሴቶን ከቀለምና ከመሣሪያ መደብር በቆርቆሮ ይግዙ፤ የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ሽቶና ዘይት ስላለበት አይሆንም። ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሳንቲሙን እስኪሸፍነው ያፍሱ፤ ፕላስቲክ ዕቃ ይሟሟል። መስኮት ይክፈቱ፣ የናይትሪል ጓንት ያድርጉ፣ እሳትና ምድጃ አጠገብ አይሁን፣ ፀሐይም አያግኘው። 10 ደቂቃ ዘፍዝፈው በአዲስ አሴቶን አንድ ጊዜ ያለቅልቁት፤ ከዚያ ሳያሹ በራሱ ይድረቅ፤ በጨርቅ አይጥረጉት። ፒቪሲ ከሆነ እዚህ ላይ ያልቃል። ዝገት ከሆነ አሴቶን አይነካውም። ያኔ ንጹሕ የማዕድን ዘይት ውስጥ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ይተዉት፤ በየሳምንቱ አውጥተው በእሾህ ጫፍ ከዳር ወደ መሐል በጥቂቱ ይሞክሩ። እምቢ ካለ ተዉት፣ መልሰው ይዘፍዝፉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው በችኮላ ነው፤ ዝገቱ በጉልበት ሲነቀል የመዳቡን ቁራሽ ይዞ ይወጣና በቦታው ሮዝ ጉድጓድ ይቀራል። በኋላ ገጽ ላይ ያለ ጸጥ ያለ አረንጓዴ ነጥብ ከሮዝ ጉድጓድ ይሻላል። ማብቂያው ላይ ዘይቱን ዛይሊን በተባለው ዘይት አሟሚ ፈሳሽ ያስወጡት፤ ዛይሊን ሽታው ኃይለኛና ለጤና መጥፎ ስለሆነ ከቤት ውጭ ቢሠሩት ይመረጣል።

ብሩሽ ስለመጠቀም ብዙ ይባላል። በጣም ለስላሳ የጌጥ ሠሪ ብሩሽ በጥቂት ዘይት ነክሮ ሳንቲሙን ቀስ አድርጎ ማበስ ቡናማውን ያደምቀዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ብሩሹ ላይ ያረፈ አንድ ቅንጣት አቧራ አሸዋ ወረቀት ይሆናል፤ የሚያወጣቸው ቀጫጭን ጭረቶችም አይጠፉም። እጅዎን ርካሽ በሆነ፣ ያለቀ የ1850ዎቹ ሴንት ላይ ሳያለማምዱ ይህኛውን አይንኩት።

ስለ እውነተኛነቱ፦ ከ1795 መጨረሻ ጀምሮ የሴንት ክብደት 168 ግሬን፣ ማለትም 10.89 ግራም ነበር፤ ስፋቱ 29 ሚሊሜትር ገደማ፣ ጠርዙም ያለ ጽሑፍ ለስላሳ ነው። 10.4 ግራም ከመደበኛው በ4.5 ከመቶ ያህል ያንሳል፤ ለተፋቀና ለሻከረ ሳንቲም ይህ ጤነኛ ቁጥር ነው። ማግኔት ያስጠጉት፣ መሳብ የለበትም። ጠርዙን ዙሪያውን ይመልከቱ፤ መሐሉ ላይ እንደ ስፌት ያለ መስመር ካለ ሁለት ግማሽ ተጣብቆ የተሠራ የጥንት ቅጂ ነው። በሜዳው ላይ ክብ ክብ የአረፋ ጉድጓዶች ካሉ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ነው። በዛሬ ዘመን በማተሚያ የተመቱ ሐሰተኞች በክብደት አይያዙም፤ የሚጋለጡት ያው አንድ ጭረት በተለያዩ «ሳንቲሞች» ላይ በአንድ ቦታ ሲደገም ነው።

በነገራችን ላይ የ1803 ሴንት አጭበርባሪዎች የሚወዱት ጥሬ ዕቃ ነው፤ 3ቱን ቆርጠው 4 በማድረግ ብርቅ የሆነውን 1804 ያስመስላሉ። እውነተኛው 1804 በፊት ገጹ ዓመት ውስጥ ያለው 0፣ በኋላ ገጹ ላይ ካለው «ኦፍ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ጋር በትክክል ትይዩ ነው። በተመሳሳይ የ1798ን የመጨረሻ 8 ወደ 9 ቀይረው 1799 ብለው ይሸጣሉ። ከእነዚህ ሁለት ዓመቶች አንዱን ያለ ዋስትና አይግዙ።

ወደ ማሸጊያ ድርጅት መላክን በተመለከተ፦ በ1986 የተመሠረተው ፒሲጂኤስም ሆነ በ1987 የተመሠረተው ኤንጂሲ፣ ዝገት ያለበትን ሳንቲም ቁጥር አይሰጡትም። «ቬሪ ፋይን ዲቴይልስ» ብለው የችግሩን ስም ጽፈው ያሽጉታል። ማለትም ሻጩ የነገረዎትን ደግመው ይነግሩዎታል፤ የተጣራውን ገዢው ራሱ ያወጣዋል። እንከን ለሌለባቸው የሚሰጡት ቁጥርም ከመዳብ ሰብሳቢዎቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ በሳጥኑ ላይ 50 የተባለ ሴንት በሰብሳቢዎቹ እጅ 40 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም። ተራ ዓይነት የሆነ፣ የተጣራ 10 ላይ ያለ የ1803 ሴንት የመላኪያና የመመርመሪያ ክፍያውን አይመልስም። በእኔ ግምት ገንዘቡን ለማስቀመጫ ቢያውሉት ይሻላል።

ለማስቀመጥ፦ ከጥጥ የተሠራ ውስጥ ልባስ ያለው ትንሽ የወረቀት ፖስታ ለመዳብ ሁሌም ጥሩ ነው። ለስላሳ ፒቪሲ ኪስ፣ የጎማ ማሰሪያ፣ የዋርካም ሆነ የኦክ እንጨት መሳቢያ፣ ተራ ካርቶን ይራቁ፤ ጎማና ካርቶን ድኝ ይለቃሉ፣ እንጨት አሲድ ይተነፍሳል። ፖስታውን በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ከሲሊካ ጄል ጋር ያኑሩት፤ ለጫማ ሳጥን ያህል ስፋት 40 ግራም ገደማ ይበቃል፤ በየሦስት ወሩ በምድጃ አድርቀው ይመልሱት። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ አብረው ያስቀምጡ፤ ከ40 ከመቶ በታች ይሁን። የሜሪላንድ ብርዱ ወቅት ሳይሆን ሞቃቱና እርጥቡ ወቅት ነው ጠላትዎ፤ ምድር ቤትና ጣሪያ ሥር አያስቀምጡት፤ መኝታ ቤት ያለ ቁም ሳጥን ከሁለቱም ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ከላይ ስለ ማሸጊያው የሰጠሁትን ምክር ሊገለብጠው ይችላል። ለ1803 ብቻ ሼልደን ከቁጥር 243 እስከ ቁጥር 265 ድረስ የተለያዩ የማተሚያ ጥንዶችን (የፊትና የኋላ ገጹን የሚመቱትን ሁለት ማኅተሞች) መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ተራ ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ስለዚህ አሁኑኑ መነጽሩን ይዘው ዓመቱን ይመልከቱ። የ1 አናት ዱልዱም ከሆነ ትንሹ ዓመት (በትንሽ ቁጥር የተጻፈው) ነው፤ ሹል ከሆነና 3ቱ ጎላ ብሎ ከታየ ትልቁ ዓመት (በትልቅ ቁጥር የተጻፈው) ነው። ቀጥለው ይገልብጡትና ከጉንጉኑ ሥር ያለውን 1/100 ይዩ፤ ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው ወይስ ትንንሽ? መጀመሪያ 1/000 ተብሎ ተቀርጾ በኋላ የታረመበትም አለ፤ ከታች ግንድ የሌለው ጉንጉንም አለ። ትልቅ ዓመት ከትንሽ ክፍልፋይ ጋር አንድ ላይ ካገኙ ከሌሎቹ በእጅጉ ብርቅ ነው፤ ያኔ የተጣራ 10 ቢሆንም ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል፤ ለማረጋገጥ መላኩም ያዋጣል። የዓመቱንና የክፍልፋዩን ቅርብ ፎቶ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንስተው ከላኩልን ቁጥሩን መለየት ይቻላል።